ምላሹ ለማን ይሄዳል?



በኅዳር ወር የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሰደቃ ኮሚቴው የችግረኛ ተማሪዎች ድጋፍ ምዝገባ መጀመሩን በጀመዓው የኢሜይል ሊስት በኩል አሳወቀ። አንዲት እህታችን ማስታወቂያውን በስልኳ አንብባ «ሪፕላይ» የሚለውን ነካች። ለኮሚቴው ብቻ የምትጽፍ መስሏት የቤተሰቧን ሁኔታ ዘርዝራ ላከች። ደብዳቤው ከ300 በላይ ለምንሆነው የሊስቱ አባላት በሙሉ ደረሰ። ምን እንደጻፈች እዚህ አንደግመውም። ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት በእህቶች ተወካይ በኩል ፈቃዷን ጠይቀናታል፤ «ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ከሆነ ጻፉት» ብላናለች።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የእኛ ነው፤ ሊስቱን ተክለን የምናስተዳድረው የጀመዓው የአይቲ ክፍል ልጆች። በየክፍሉ እየዞርን ይቅርታ ጠይቀናል፤ አሁንም እንጠይቃለን። ዛሬ የምንጽፈው ግን ይቅርታውን ለመድገም ብቻ አይደለም። ሊስቱን ስንተክል ካየነው ተነስተን አንድ ሐሳብ ልናቀርብ ነው፦ ከሊስቱ ሴቲንጎች መካከል አንዳንዶቹ የቴክኒክ ሰው ጉዳይ አይደሉም፤ የጀመዓው ጉዳይ ናቸው፤ በሹራ መወሰን አለባቸው።

ሊስቱ ለምን እንደመጣ የማታውቁ ፍሬሽማኖች ስላላችሁ ከዚያ እንጀምር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ድረስ ለአምስት ወር ያህል ቴሌግራምን ጨምሮ የማኅበራዊ መገናኛ መተግበሪያዎች በአገሪቱ ተገድበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የ1444ቱ ረመዷን የገባው በዚያ መሃል ነው። የጀመዓው ማስታወቂያ ሁሉ በቴሌግራም ቻናል ላይ ስለነበር ቪፒኤን ያለው ሲሰማ የሌለው ቀረ። ኢፍጣር የት እንደሆነ ሳያውቁ በዶርማቸው በቴምርና በውኃ ያፈጠሩ ልጆች ነበሩ። ያኔ የነበሩት ታላላቆቻችን «ሌላ መንገድ ያስፈልገናል» አሉ፤ ሥራው ግን ተንከባሎ እኛ ጋ ደረሰ። ቻናሉ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። ባለቤትነቱ የተመዘገበው በአንድ ተመራቂ ስልክ ቁጥር ነበር፤ ወንድማችን ቁጥሩን ሲቀይር ቻናሉ ባለቤት የሌለው ቤት ሆነ።

በውጭ ሀገር የሚሠራ አንድ የቀድሞ አባላችን በባንክ ካርዱ እየከፈለ ትንሽ ሰርቨር ተከራየልን። ኡቡንቱ ሊኑክስ፣ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ። በላዩ ላይ ሁለት ነፃ ሶፍትዌሮች ጫንን። አንደኛው ፖስትፊክስ ነው፤ ዊትሴ ቬኔማ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ ኢሜይል የሚቀበልና የሚያደርስ ፕሮግራም። ሁለተኛው ሜይልማን ነው፤ የአባላትን ዝርዝር ይይዛል፣ አንድ መልእክት ሲመጣ ለሁሉም እንዲባዛ ያደርጋል። የዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓቶች ጠባይ እንዲህ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም አንድ ሥራ ይሠራና ለሚቀጥለው ያቀብላል። ሲበላሽም የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመቀባበሉ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መልእክታችን የትም አልደረሰም። ስንልከው ተመልሶ መጣ፤ የፖስትፊክስን ሎግ ስናይ ቁጥሩ 550 ነበር፤ «እንዲህ የሚባል ተቀባይ አላውቅም» ማለቱ ነው። ሁለት ማታ ለፋን። ለካ የተከተልነው መመሪያ የሜይልማን 2 ነው፤ የጫንነው ሜይልማን 3። አሮጌው የሊስቱን አድራሻ በአንድ የቅጽል ስሞች ፋይል ውስጥ ማስገባት ይጠይቃል። አዲሱ ግን ራሱ የሚያዘጋጀው የአድራሻዎች ሰንጠረዥ አለው፤ ፖስትፊክስ ያንን ሰንጠረዥ እንዲያይ ይደረግና መልእክቱን በ8024 ፖርት ለሜይልማን ያቀብላል። ሜይልማን 2 የተጻፈበት ፓይተን 2 ድጋፉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው፤ መመሪያዎቹ ግን ዛሬም በየቦታው ተበትነው ይገኛሉ። የሚጭን ሰው ካለ ከሁሉ በፊት የስሪት ቁጥሩን ይመልከት።

ያ ተስተካከለ። ደግሞ የሐሙስ ማታው ደርስ ቦታ መቀየሩን የሚናገረው ማስታወቂያ ቅዳሜ ደረሰ። (አንዳንዶቻችሁ እስከ ዛሬ ትቀልዱብናላችሁ፤ መብታችሁ ነው።) እዚህም ሎጉ ተናግሯል። ፖስትፊክስ መልእክቱን ተቀብሎ ለሜይልማን ሊያቀብል ሲሞክር በ8024 ፖርት የሚከፍትለት የለም። ሜሞሪው አልቆ የሊኑክስ ከርነል ሜይልማንን ገድሎታል፤ ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ ሥርዓቱ እንዳይቆም ብሎ አንዱን ትልቅ ፕሮግራም መርጦ ይሠዋል። ፖስትፊክስ ግን መልእክቱን አልጣለውም፤ በወረፋ አስቀምጦ እየመላለሰ ሞከረ። ካልተቀየረ በቀር እስከ 5 ቀን ይሞክራል፤ ከዚያ ነው ለላኪው የሚመልሰው። ሜይልማንን ቅዳሜ ጠዋት ስናስነሳው የታመቀው ሁሉ ወጣ። ከዲስኩ ላይ 2 ጊጋባይት ለተጨማሪ ሜሞሪነት ከመደብንለት ወዲህ አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ስፓም መጣ። መልእክቱ ይደርሳል፣ ግን ማንም በማያየው ፎልደር ውስጥ። ምክንያቱ የሰርቨራችን አይፒ ቁጥር ወደ ስም ሲመለስ የእኛን ስም አለመስጠቱ ነበር። ይህን የሚያስተካክለው ቁጥሩን ያከራየው ድርጅት ስለሆነ ጠየቅናቸው፤ በአንድ ቀን አስተካከሉ። «ከዚህ ዶሜይን እንዲልክ የተፈቀደለት ይህ ሰርቨር ነው» የሚለውን መዝገብና የዲጂታል ፊርማውንም ጨመርን። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በላኪዎች ላይ ያጠበቁት ደንብ ስላለ ይህ የማይቀር ነበር።

አንዱ ችግር ብቻ ከእኛ ውጭ ረጅም ታሪክ ነበረው። ያሁ የሚጠቀሙ የቆዩ ተመራቂዎቻችን ወደ ሊስቱ ሲጽፉ ብዙዎቻችን ጋ አይደርስም ነበር። ያሁ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 «በስሜ መጥቶ የእኔነቱ ካልተረጋገጠ አትቀበሉት» የሚል ፖሊሲ አወጣ። ለማጭበርበር መከላከያ ጥሩ ነው። የኢሜይል ሊስት ግን ሥራው የሌላን ሰው ደብዳቤ ተቀብሎ ከራሱ ሰርቨር ማከፋፈል ነው፤ ከግርጌው አንድ መስመር ሲጨምርበት ደግሞ የመጀመሪያው ዲጂታል ፊርማ ይፈርሳል። ስለዚህ በዚያ ዓመት በዓለም ዙሪያ ሊስቶች ተናጉ። ይባስ ብሎ ተመላሹ የሚቆጠረው በተቀባዩ ላይ ነው፤ ያሁ ያልተጠቀሙ፣ ምንም ያልበደሉ አባላት «አድራሻቸው አይሠራም» ተብለው ከሊስቱ ይታገዳሉ። ሜይልማን መፍትሔ ያወጣው በላኪው ቦታ የሊስቱን አድራሻ በመተካት ነው። እኛም ያንኑ አበራን።

ይህን ሁሉ ያወራነው ጉራ ልንነዛ አይደለም። በእነዚህ ችግሮች ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር ነበር፤ ማሽኑ ተናግሯል። 550 ብሏል፣ «የሚከፍትልኝ የለም» ብሏል። ሎጉን በትዕግሥት ያነበበ ሰው መልሱን ያገኛል። ስለዚህ በራሳችን ተማመንን። ሎጉ ጸጥ ካለ ሰላም ነው ብለን ደመደምን።

በጥቅምት መጨረሻ ሁለት ወንድሞች መጥተው «ስንመልስ ለላኪው ብቻ ነው የሚሄደው፤ ውይይት አይደራም» አሉን። ልክ ናቸው። ሜይልማን ሲመጣ ምላሹን ወደ ሊስቱ አይመራም፤ «ሪፕላይ» ያለ ሰው የሚመልሰው ለጻፈው ሰው ነው። ወደ ሊስቱ እንዲሄድ የሚያደርግ አንድ ምርጫ አለ። ከፍተን መረጥነው፤ ሴቭ አልን፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ለማንም አልነገርንም። ለአሚሩም፣ ለእህቶች ተወካይም፣ ለሰደቃ ኮሚቴውም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የእህታችን ደብዳቤ ሲከፋፈል ሎጉ ላይ ከ300 በላይ መስመር ነበር። ሁሉም ቁጥሩ 250 ነው፤ «ተቀብያለሁ፣ መልካም» ማለት። አንድም ስህተት የለም። ሰርቨሩ ከተተከለ ጀምሮ እንደዚያ ማታ አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም።

ያን ሌሊት ሴቲንጉን መለስነው። በዚያው ስንመረምር ሁለተኛ ነገር አየን። የሊስቱ ማኅደር፣ ማለትም ያለፉ መልእክቶች የሚቀመጡበት ቦታ፣ አድራሻውን ላገኘ ማንኛውም ሰው ክፍት ነበር። አዲስ ሊስት በተለመደው አሠራር ሲፈጠር እንዲህ ሆኖ ነው የሚፈጠረው፤ የተጻፈው ለክፍት ውይይት እንጂ ለእንደኛ ዓይነቱ ጀመዓ አይደለምና። ማንም ስላልጠየቀን እኛም አልጠየቅንም። ደብዳቤውን ከማኅደሩ አጠፋን፣ በሩን ዘጋን። በ300 ሰው ሳጥን ውስጥ የገባውን ግን የሚያወጣ ትእዛዝ በየትኛውም ማኑዋል ውስጥ የለም።

በማግሥቱ የከፋው መጣ። «ደብዳቤውን ከኮሚቴው አንዱ ነው ያሰራጨው» ተባለ። የአንድ ወንድማችን ስም ተነሳ፤ የሊስቱ አስተዳዳሪም የሰደቃ ኮሚቴ አባልም እሱ ስለሆነ። ሁለት ቀን ሰላምታ የነፈጉት ሰዎች ነበሩ። አንድ ልጅ ማስረጃ ብሎ የሰርቨሩን ሎግ ፎቶ ያዘዋውር ነበር፦ «መልእክቱ የወጣው 16:42 ላይ ነው። ያኔ እሱ ላብ ውስጥ ሰርቨሩ ላይ ገብቶ ነበር።» እውነት ነው፣ ያን ዕለት ከዐስር በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ላብ ውስጥ ነበር። ብዙ ሰው ያየው ነው።

ቁጭ ብለን የኢሜይሉን ራስጌ አነበብን። ኢሜይል ሲጓዝ ያለፈበት ሰርቨር ሁሉ «ከእገሌ ተቀብያለሁ፣ በዚህ ሰዓት» የሚል መስመር ከአናቱ ይጨምርበታል። ስለዚህ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያይ ኢስናድ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ንጽጽሩን አናጋንነው፤ የሐዲስ ሊቃውንት የመረመሩት የሰውን ታማኝነትና የማስታወስ ችሎታ ነው፣ እኛ የምናየው የማሽን ማኅተም ነው። አንድ ነገር ግን ይጋራሉ። የምታምነውን አስተላላፊ ለይተህ ካላወቅህ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ፈጠራ ሊሆን ይችላል። የላኪ ስምማ ማንም የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል።

ሰንሰለቱ አጭር ነበር። ከእህታችን ስልክ ወደ ጉግል፣ ከጉግል ወደ እኛ ሰርቨር፣ ከፖስትፊክስ ወደ ሜይልማን፣ ከሜይልማን ወደ ሁላችንም። በመካከሉ የማንም ሰው እጅ የለም። ሰዓቱም ነገሩን አፈረጠው። የጉግል መስመር 08:42 ይላል፤ ጉግል የሚጽፈው በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። የእኛ ሰርቨር 16:42 ይላል፤ እሱ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። ለኢትዮጵያ 3 ሰዓት ጨምሩበት፤ 19:42 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ማታ 1 ሰዓት ከ42። ከዒሻ በኋላ፤ ወንድማችን ከግማሾቻችን ጋር ደርስ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት። ሦስቱም ቁጥር አንድ ደቂቃ ነው የሚናገሩት። ፎቶውን ያዘዋወረው ልጅ ዋሽቷል አንልም፤ ቁጥሩን አይቷል፣ ሰዓቱን ግን አላጣራም። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ላይ ስለ ወሬ ማጣራት፣ 12ኛው ላይ ስለ ጥርጣሬ የታዘዝነውን ሁላችንም በቃል እናውቃለን። ያ ወንድም ይቅር ብሏል። አስተዳዳሪነቱን ግን ትቷል፤ እስካሁን አልተመለሰም።

አሁን ወደ ሐሳባችን። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ «ሊስቱ ይዘጋ፣ ወደ ቴሌግራም እንመለስ» የሚሉ አሉ። ስሜታቸው ይገባናል። ግን በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም በስህተት የግል ነገር መጻፍ ይቻላል፤ የአባላት ስልክ ቁጥርና ፎቶ ለማያውቁት ሰው የሚታይበት አጋጣሚም ብዙ ነው። 2015ንም አንርሳ። ቴሌግራም ለፈጣን ማስታወቂያ ይቀጥል፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላው እንዲኖር ሁለቱም ይኑሩ። «ሁሉም መልእክት ከመውጣቱ በፊት በአስተዳዳሪ ይታይ» የሚሉም አሉ። ይህ ማስታወቂያን ያዘገያል፤ ደግሞም ያች እህት የጻፈችውን ለ300 ሰው ሳይሆን ለሁለት የማታውቃቸው ወንድሞች ያሳያል። ከነበረው ይሻላል፣ ግን መፍትሔው ይህ አይመስለንም።

የምንጠይቀው ሌላ ነው። ምላሽ ለማን ይሂድ፣ ማኅደሩን ማን ያንብብ፣ የአባላትን ስም ዝርዝር ማን ይይ የሚሉት ጥያቄዎች በሴቲንግ ገጽ ላይ የሚነኩ ቁልፎች ስለሆኑ ብቻ ለእኛ መተው የለባቸውም። እነዚህ የአማና ጥያቄዎች ናቸው። የሰው ገመና የመሸፈን ጥያቄዎች ናቸው፤ ይህንን ደግሞ ከሰርቨር መጽሐፍ ሳይሆን ከኡስታዞቻችን ነው የተማርነው። እኛ ፖርት 8024 ለምን እንደማይከፈት መመለስ እንችላለን። አንዲት እህት ችግሯን ለማን ብትናገር እንደማትሸማቀቅ ግን ከእኛ ይልቅ የእህቶች ክፍል ያውቃል። ሹራው ይቀመጥ፣ እኛም እንጠራ፤ እያንዳንዱ ምርጫ ምን እንደሚያስከትል በአማርኛ እናስረዳለን፣ ውሳኔው ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ማንም የአይቲ ልጅ፣ ጥያቄው የቱንም ያህል ቀላል ቢመስለው፣ ሳያሳውቅ አይንካው።

ውይይት የሚፈልጉት ወንድሞችም ትክክል ነበሩና ሐሳባቸው አይቀበር። ለውይይት ሌላ ሊስት መክፈት ይቻላል፤ ወደዚያ የሚገባ ሰው ምላሹ ለሁሉም እንደሚሄድ አውቆ፣ ፈልጎ የሚገባበት። ለዋናው ሊስት ግን የእኛ አቋም አንድ ነው፤ ምላሹ ለላኪው ብቻ ይሂድ። የሚሳሳት ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። ለሁሉም ሊናገር ፈልጎ ለአንድ ሰው የላከ ሰው ደግሞ ይልካል፣ ነገሩ አለቀ። ለአንድ ሰው ሊናገር ፈልጎ ለሁሉም የላከ ምን ያድርግ?

የድጋፍ ጥያቄም ከኢሜይል ይውጣ። እህቶች ለእህቶች ተወካይ፣ ወንድሞች ለኮሚቴው በአካል ይንገሩ። ማስታወቂያው ራሱ «ለዚህ መልእክት አትመልሱ» የሚል መስመር ከላይ ይኑረው፤ ከግርጌ ማንም አያነብም።

ሌላም አለ፤ ስለ ራሳችን ነው። የሰርቨሩ ዋና የይለፍ ቃል አሁን በሁለት የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች እጅ ነው። ሁለታችንም በሐምሌ ኢንሻአላህ እንመረቃለን። ኪራዩ የሚከፈለው በአንድ ወንድም ካርድ ነው፤ ካርዱ የአገልግሎት ጊዜው ቢያልፍ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። የቴሌግራሙን ቻናል ባለቤት ያሳጣን ልክ እንዲህ ያለው ነገር ነበር፤ እኛም ሳናስበው ደገምነው። ስለዚህ ከሦስተኛ ዓመት ሦስት ልጆች እንፈልጋለን፤ ቢያንስ አንዷ ከእህቶች ክፍል ትሁን። ሊኑክስ ማወቅ ግዴታ አይደለም፣ እናስተምራለን። ተከላውን ከመጀመሪያው 550 ጀምሮ እስከ ኅዳሩ ማታ ድረስ በደብተር ጽፈነዋል፤ 14 ገጽ ሆኗል፣ የተሳሳትንበትም ጭምር። ሰዓት እንዴት እንደሚቆጠር የሚናገር ገጽ ለብቻው አለው።

የመጀመሪያው ትምህርት የፊታችን እሑድ ከዙህር በኋላ ነው፤ ቦታው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። በሊስቱም እንልከዋለን። ጥያቄ ካላችሁ «ሪፕላይ» በሉ፤ የሚደርሰው ለላከው ሰው ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክረን አረጋግጠናል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።